ዕቃ ሳያከማቹ በኦንላይን ሱቅ መነገድ፦ ስለ ድሮፕሺፒንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ድሮፕሺፒንግ ለመጀመር የሚያስቡ፣ ወይም ጀምረው ሒሳቡ አልገጥም ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኛው የአማርኛ ተናጋሪ የኦንላይን ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው በአሜሪካ ገዢ ላይ በመሆኑ ምሳሌዎቹ በዋናነት ከዚያ ገበያ ተወስደዋል። አውሮፓንና አገር ቤትን የሚመለከተው በየቦታው ተጠቅሷል። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድሮፕሺፒንግ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ድሮፕሺፒንግ ነጋዴው ዕቃ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ ሳያስቀምጥ የሚሸጥበት የችርቻሮ አሠራር ነው። ነጋዴው የኦንላይን ሱቅ ይከፍታል፣ የዕቃውን ፎቶና ዋጋ ይለጥፋል፣ ደንበኛ ሲገዛም ገንዘቡን ይቀበላል፤ ከዚያም ትዕዛዙን ለአቅራቢው አስተላልፎ የጅምላውን ዋጋ ይከፍላል፣ አቅራቢውም ዕቃውን አሽጎ በቀጥታ ወደ ደንበኛው አድራሻ ይልካል። ሁሉም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የሚተርፈው የነጋዴው ነው።

አሠራሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የራሱ ሱቅ የሌለው ወጣት የጫማ ፎቶ በቴሌግራም ቻናሉ ለጥፎ፣ ገዢ ሲደውልለት ከመርካቶ ሱቅ አንስቶ በሞተረኛ የሚልከው በመሠረቱ ተመሳሳይ ሥራ ነው። ልዩነቱ ያ ወጣት ባለሱቁን በአካል የሚያውቀው፣ ዕቃውንም ከመላኩ በፊት በእጁ የሚያገላብጠው መሆኑ ላይ ነው። የድሮፕሺፒንግ ነጋዴ ሁለቱም የሉትም፤ አብዛኞቹ ችግሮችም የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ዕቃውን የሚልከው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ቢሰበር ወይም ቢዘገይ ተጠያቂው ማን ነው?

እርስዎ ነዎት። ደንበኛው የከፈለው ለእርስዎ ሱቅ ነው፣ በባንክ ደረሰኙ ላይ የሚያየው ስም የእርስዎ ነው፣ ሕጉም ሻጭ ብሎ የሚያውቀው እርስዎን ነው። አቅራቢው ቻይና ጓንጁ ይሁን አሜሪካ ኒው ጀርሲ ለደንበኛው ምኑም አይደለም። «አቅራቢዬ አዘግይቶብኝ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም እንኳ ማንንም ነፃ አያወጣም።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኦንላይንና በፖስታ የሚሸጥን ዕቃ በሚመለከት ያወጣው ደንብ ግልጽ ነው። ሻጩ በገለጸው ጊዜ ውስጥ መላክ አለበት፤ ጊዜ ካልገለጸ ደግሞ ትዕዛዙ ተሟልቶ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ መላክ ይኖርበታል። እንደማይደርስ ካወቀ ለደንበኛው አስታውቆ፣ ወይ መጠበቅን ወይ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መልሶ መውሰድን እንዲመርጥ ዕድል መስጠት ግዴታው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በኦንላይን የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ግዢውን የመተው መብት አለው።

ይህ ነጥብ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ወደ ድሮፕሺፒንግ የሚገባው «ዕቃ የለብኝም፣ ስለዚህ ጣጣ የለብኝም» በሚል ስሌት ነው። ዕቃ አለመያዝ የሚያስቀረው በመጋዘን ውስጥ የሚታሰረውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ የነጋዴነት ኃላፊነት ግን ሳይጎድል ይቀጥላል፣ እንዲያውም የማያዩትን ዕቃ ስለሚሸጡ ይከብዳል። በዚህ ሥራ ለዓመታት የቆዩ ሰዎች የሚያመሳስላቸው ይህን ገና ከጅምሩ መቀበላቸው ነው።

ለመጀመር ስንት ገንዘብ ያስፈልገኛል?

ሱቁን መክፈት ርካሽ ነው። የኦንላይን ሱቅ የሚከፈትበት የሾፒፋይ አገልግሎት መነሻ ጥቅል በየወሩ ሲከፈል 39 ዶላር ገደማ ነው፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ይቀንሳል። ዉኮሜርስ ራሱ በነፃ የሚገኝ፣ ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ሲሆን፣ ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር መከራየትና ጥገናውን በራስ መወጣት ግን ይጠይቃል። የድረ ገጹ ስም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ድርጅት ማስመዝገብ እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ በቨርጂኒያ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ለማቋቋም 100 ዶላር ከዚያም በየዓመቱ 50 ዶላር ሲከፈል፣ በሜሪላንድ ማቋቋሚያው ተመሳሳይ ሆኖ ዓመታዊው ግን 300 ዶላር ነው።

ገንዘቡ የሚሄደው በናሙናና በማስታወቂያ ነው። አንድ ዕቃ ገበያ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ማስታወቂያ ማውጣት ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይበላሉ እንጂ አይመልሱም። በእኔ ግምት ከ1,500 ዶላር በታች ይዞ መግባት ሁለተኛውን ሙከራ ሳይሞክሩ መውጣት ነው። የቤት ኪራይን ወይም የዕቁብን ገንዘብ በዚህ ላይ ማዋል ፈጽሞ አይመከርም።

ትርፉ እንዴት ይሰላል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ተገቢ ነው፤ ሱቅ ዘግቶ የሚወጣው ሰው አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

በ40 ዶላር የሚሸጥ አንድ የወጥ ቤት ዕቃ እንውሰድ። አቅራቢው 11 ዶላር ያስከፍላል፣ ማጓጓዣው 5 ዶላር ነው፣ ቀረጡ 3 ዶላር ይሁን። ካርድ የሚያስተናግደው ድርጅት 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ስለሚወስድ 1.46 ዶላር ይቀነሳል። ለሚመለሱና ለሚሰበሩ ዕቃዎች ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6 በመቶ፣ ማለትም 2.40 ዶላር እናስቀምጥ። ድምሩ 22.86 ዶላር ሲሆን በእጅ የሚቀረው 17.14 ዶላር ነው። ይህን ትርፍ አድርጎ የሚቆጥር ብዙ ነው፤ ሆኖም ገዢው እስካሁን በራሱ ፈቃድ እንደመጣ ነው የቆጠርነው።

አሁን ማስታወቂያውን እንጨምር። አንድ ሰው በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ማስታወቂያ አይቶ ወደ ሱቁ ሲገባ በአማካይ 60 ሳንቲም ቢያስከፍል፣ 100 ጎብኚ 60 ዶላር ይፈጃል። ከእነዚያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ከገዙ አንዱን ገዢ ለማምጣት 30 ዶላር ወጥቷል ማለት ነው፤ በእጅ የቀረው 17.14 ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 12.86 ዶላር ይከሠራል፣ ሽያጩ በጨመረ ቁጥርም ኪሳራው ይጨምራል። አራት ሰዎች ከገዙ የገዢው ዋጋ ወደ 15 ዶላር ወርዶ ትርፉ 2.14 ዶላር ይሆናል። የሾፒፋይን የወር ክፍያ ብቻ ለመሸፈን በዚህ ትርፍ 19 ትዕዛዝ ያስፈልጋል።

ሒሳቡን የሚለውጠው ምንድን ነው? ዋጋ መጨመር አንዱ ነው፣ ግን ገበያው ሁልጊዜ አይፈቅድም። ይበልጥ የሚሠራው ያው ገዢ ሁለት ዕቃ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ሽያጩ 80 ዶላር ሲሆን ዕቃው 22፣ በአንድ ጥቅል ስለሚላክ ማጓጓዣው 7፣ ቀረጡ 6፣ የካርዱ 2.62፣ ለተመላሽ የሚቀመጠው 4.80 ዶላር ቢሆን 37.58 ዶላር ይቀራል። ገዢውን ለማምጣት የወጣው ያው 15 ዶላር ስለሆነ ትርፉ 22.58 ዶላር ይደርሳል፤ ከአንዱ ዕቃ ትርፍ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሌላው መንገድ ቀድሞ የገዛ ደንበኛ በኢሜይል ተጠርቶ ያለ ማስታወቂያ ወጪ ተመልሶ እንዲገዛ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ 17.14 ዶላሩ በእውነት ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጡ «ይህን የገዛ ሰው አብሮ ምን ይፈልጋል? በሦስት ወር ውስጥስ ምን ያልቅበታል?» ብለው ይጠይቁ።

ሽያጬ እየጨመረ ገንዘብ ለምን ያጥረኛል?

አቅራቢው ዛሬ መከፈል ስለሚፈልግ፣ የደንበኛው ገንዘብ ግን ወደ ባንክዎ የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በቀን 30 ትዕዛዝ ቢመጣ ለዕቃ፣ ለማጓጓዣና ለቀረጥ 570 ዶላር፣ ለማስታወቂያ 450 ዶላር፣ በድምሩ 1,020 ዶላር በየቀኑ ይወጣል። ክፍያ የሚያስተናግደው ድርጅት ገንዘቡን ለሰባት ቀን ቢይዘው 7,140 ዶላር ከኪስ ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። የማስታወቂያ በጀትን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ምን ዓይነት ዕቃ ልሽጥ?

ቀላል፣ የማይሰበር፣ የልክ ጣጣ የሌለበት፣ በአካባቢ ሱቅ በቀላሉ የማይገኝ፣ ዋጋውም ከ30 እስከ 100 ዶላር የሆነ ዕቃ ለጀማሪ የተሻለ ነው። ከዚህ የበለጠ ሊባል የሚችለው እርስዎ ስለሚያውቁት ነገር ይሽጡ የሚለው ነው። ጋራዥ የሠራ ሰው ለመኪና ባለቤት ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ነርስ የሆነች እህት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያሳምመው ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በዕቃው መግለጫ ውስጥ ይታያል፣ ደንበኛውም ይለየዋል።

መራቅ የሚገባቸው ግን በግልጽ መነገር አለባቸው። የታዋቂ ብራንድ ምልክት የለጠፈ ርካሽ ዕቃ ሐሰተኛ ምርት ነው፣ ሻጩንም በሕግ ያስጠይቃል። ለልጆች የሚሆኑ ዕቃዎች በአሜሪካ በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ተመርምረው የምስክር ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ አቅራቢው ይህን ወረቀት ማሳየት ካልቻለ አይሽጡት። ሰውነት ላይ የሚቀባና የሚዋጥ ነገር፣ እንዲሁም የሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ በጤናም በማጓጓዝም በኩል ለጀማሪ የማይሆን ኃላፊነት ያመጣል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የምርት ደኅንነት ደንብ በኅብረቱ ውስጥ አድራሻ ያለው ተጠያቂ አካል በምርቱ ላይ እንዲገለጽ ያዛል።

አቅራቢው አስተማማኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዕቃውን ለራስዎ በማዘዝ። አቅራቢዎች በሚገኙባቸው ድረ ገጾች፣ በአሊኤክስፕረስ፣ በሲጄ ድሮፕሺፒንግ ወይም በስፖኬት ላይ ያለው ኮከብና የደንበኞች አስተያየት መነሻ ሊሆን ይችላል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ናሙናውን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሆነው ይዘዙ፤ አንዱን ወደ ቤትዎ፣ ሌላውን በሌላ ግዛት ወዳለ ዘመድ አድራሻ ያስልኩ። ገንዘብ የከፈሉበትን ቀን፣ የመከታተያ ቁጥር የተላከልዎትን ቀን፣ ቁጥሩ በእርግጥ መንቀሳቀስ የጀመረበትን ቀንና ዕቃው ደጃፍ የደረሰበትን ቀን ለየብቻ ይጻፉ። ብዙ አቅራቢ ቁጥሩን በማግስቱ ይልክና ዕቃው ግን ለአንድ ሳምንት ከመጋዘን አይወጣም፤ «በ8 ቀን ይደርሳል» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ የማጓጓዣውን ጊዜ እንጂ የዝግጅቱን ጊዜ አይጨምርም። ጥቅሉን ሲከፍቱ ውስጡ የአቅራቢው ደረሰኝ ከነጅምላ ዋጋው መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ዕቃውን ያሽትቱት፣ ስፌቱን ይሳቡት፣ መግለጫው ላይ ያለውን መጠን በሜትር ይለኩት። ከዚያ በራስዎ ስልክ፣ በመስኮት ብርሃን፣ በሰው እጅ ተይዞ ፎቶ ያንሱት፤ ሌሎች መቶ ሱቆች ከለጠፉት የአቅራቢው ፎቶ ይልቅ ይህ ይሸጣል።

ቀጥሎ አቅራቢውን በጽሑፍ ይጠይቁት፦ ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስ ፎቶ ሲላክለት ገንዘብ ይመልሳል ወይስ ዕቃው ቻይና ተመልሶ ይምጣ ይላል? ዕቃው ሲያልቅበት ያሳውቃል ወይስ ተመሳሳዩን ዝም ብሎ ይልካል? መልሱን ያስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃም ሁለተኛ አቅራቢ ይኑርዎት፤ በተለይ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ መካከል በሚውለው የቻይና አዲስ ዓመት ፋብሪካዎች ለሳምንታት ስለሚዘጉ አንድ አቅራቢ ብቻ ያለው ሱቅ ከእርሱ ጋር አብሮ ይዘጋል።

መጋዘኑ አሜሪካ ውስጥ ያለ ጅምላ ሻጭ ማግኘት ከተቻለ ዋጋው ቢወደድም ይሻላል። ዕቃው በሦስትና በአምስት ቀን ሲደርስ «ዕቃዬ የት አለ?» የሚለው ኢሜይል ይቀንሳል፣ ቀረጡም ቀድሞ የተከፈለ ነው።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። ሾፒፋይ በ2017 የገዛውና ብዙ ጀማሪዎች ትዕዛዛቸውን ወደ አሊኤክስፕረስ የሚያስተላልፉበት ኦበርሎ የተባለ መተግበሪያ በ2022 ተዘግቷል። የደንበኞችን ዝርዝር፣ የዕቃ መግለጫዎችንና የአቅራቢዎችን አድራሻ በራስ ፋይል ላይ ማስቀመጥ ያን ጊዜ ብዙዎችን ጠቅሟል።

አማዞንና ኢቤይ ላይ ድሮፕሺፒንግ ይፈቀዳል?

በገደብ ይፈቀዳል። አማዞን ሻጩ በደረሰኙም በማሸጊያውም ላይ ብቸኛው ሻጭ ሆኖ እንዲታይና የሚመለስ ዕቃን ራሱ እንዲቀበል ይጠይቃል። ከሌላ የኦንላይን ቸርቻሪ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ማስላክ ክልክል ነው። ኢቤይም ከጅምላ አቅራቢ ማስላክን ይፈቅዳል፣ ትዕዛዝ ከመጣ በኋላ ከሌላ ችርቻሮ ሱቅ ወይም የገበያ ድረ ገጽ ገዝቶ ማስላክን ግን ይከለክላል። «ከዋልማርት ገዝቶ በአማዞን መሸጥ» ተብሎ የሚሰጠው ምክር አካውንት ያዘጋል፣ ውስጡ ያለውንም ገንዘብ ያስይዛል።

ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚላክ ትንሽ ዕቃ ቀረጥ የለበትም ይባላል፤ እውነት ነው?

ድሮ እውነት ነበር። ከ2016 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር፣ ርካሽ ድሮፕሺፒንግ የተስፋፋውም በአብዛኛው በዚህ በር ነው። ይህ ፈቃድ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ዕቃዎች በሜይ 2 ቀን 2025፣ ለሌሎች አገሮች ሁሉ ደግሞ በኦገስት 29 ቀን 2025 ቀርቷል። ከዚያ በፊት የተሠሩ የትርፍ ሒሳቦችና የትምህርት ቪዲዮዎች ስለዚህ አያገለግሉም።

የቀረጡ መጠን እንደ ዕቃው ዓይነትና እንደ ተሠራበት አገር ይለያያል። ለነጋዴው ዋናው ጥያቄ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። አጓጓዡ ቀረጡን ከነአገልግሎት ክፍያው ከተቀባዩ በር ላይ ከጠየቀ ደንበኛው ዕቃውን አልቀበልም ብሎ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ እርስዎም ዕቃውን፣ ማጓጓዣውንና ማስታወቂያውን በአንድ ጊዜ ያጣሉ። ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር ቀረጥን ጨምሮ ደጃፍ ድረስ በሚል ውል ይስማሙ፣ ወጪውንም በዋጋው ውስጥ ያካትቱ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲላክ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በትንሹም ዕቃ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ከ150 ዩሮ ለማይበልጡ ጥቅሎች ታክሱን በሽያጩ ጊዜ ሰብስቦ ገቢ ለማድረግ የተዘጋጀ አንድ ወጥ የምዝገባ ሥርዓት አለ።

በአሜሪካ ምን ዓይነት ታክስ ይመለከተኛል?

ሁለት ነገር አለ፤ የሽያጭ ታክስና የገቢ ግብር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2018 ሳውዝ ዳኮታ ከዌይፌር ኩባንያ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ግዛት በውስጡ ቢሮ የሌለውን ሻጭም የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ እንደሚችል ፈቅዷል። ብዙ ግዛቶች ወሰኑን በዓመት 100,000 ዶላር ሽያጭ ላይ አድርገዋል፤ ሜሪላንድን ጨምሮ አንዳንዶቹ 200 ሽያጭንም ይቆጥራሉ። በሚኖሩበት ግዛት ግን ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ግዛት አቀፍ የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አላስካ፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ኦሪገን ብቻ ናቸው። ከአሜሪካ ጅምላ ሻጭ ሲገዙ ዕቃውን መልሰው ለመሸጥ እንደገዙት የሚያሳይ የዳግም ሽያጭ የምስክር ወረቀት ያቅርቡ፣ አለዚያ ታክሱን ከእርስዎም ሊሰበስብ ይችላል።

የተጣራ ትርፉ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ታክስ አለ። ከእያንዳንዱ ወር ትርፍ ሩቡን በሌላ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ሚያዝያ ላይ ከመደንገጥ ያድናል።

በቪዛ ላሉ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው በሒደት ላይ ሆኖ የሥራ ፈቃድ ያገኙ በግላቸው መነገድ ይችላሉ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ሱቅ ማንቀሳቀሱ ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት ሊቆጠርበት ስለሚችል አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ኢትዮጵያ ተቀምጬ ለውጭ ገበያ መሥራት እችላለሁ?

ሱቁን መክፈት ይቻላል፤ ማነቆው ገንዘብ መቀበል ነው። የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ስትራይፕም ሆነ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ ለተቋቋመ ድርጅት አይሠሩም። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች አሜሪካ ውስጥ በስማቸው ድርጅት ያቋቁማሉ። ይህ ሕጋዊ መንገድ ነው፣ ነገር ግን በውጭ ዜጋ ብቻ የተያዘ የአሜሪካ ድርጅት ትርፍ ባይኖረውም እንኳ ቅጽ 5472 የተባለውን ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ማስገባት አለበት፤ ያላስገባ 25,000 ዶላር ይቀጣል። ድርጅት የሚያቋቁሙ አገናኞች ይህን ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

ከዚህ የከፋው በዘመድ ስምና ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የክፍያ አካውንት መክፈት ነው። ገቢው በዚያ ሰው ስም ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይመዘገባል፤ ደንበኞች ገንዘብ ቢያስመልሱ ዕዳው በእርሱ ላይ ይቀራል። ሜሪላንድ ያለች አክስትዎን ይህን ያህል ሸክም ማሸከም ተገቢ አይደለም።

ለአገር ውስጥ ገበያ ከሆነ መንገዱ ይቀላል። ከ2021 ጀምሮ ያለው ቴሌብር፣ ቻፓና የባንኮች መተግበሪያዎች ክፍያውን ይሸፍናሉ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በኦንላይን ለሚደረግ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የንግድ ፈቃድ ማውጣትና ግብር መክፈል ግን በቴሌግራም ለሚሸጠውም አይቀርም።

ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ በዚህ መንገድ ለዳያስፖራው መሸጥ ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ግን እንደ ቻይና ዕቃ አይታይም። የሐበሻ ቀሚስ የሚሠራው ከታዘዘ በኋላ ነው፤ ሸማኔው ይሸምናል፣ ጥልፉ ይጠለፋል፣ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ሱቁ ላይ «በአምስት ሳምንት ይደርሳል» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ ለሠርግና ለእንቁጣጣሽ የሚገዛ ሰው ቀኑን ቀድሞ ካወቀ ይጠብቃል። የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌና የቁመት ልክ አለካክ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ያስቀምጡ፣ ምክንያቱም ሚኒያፖሊስ ደርሶ የጠበበን ቀሚስ ወደ አዲስ አበባ መልሶ ማስፋት አይቻልም። በልክ የተሠራ ልብስ የሚመለስበትን ሁኔታ ከግዢው በፊት ያሳውቁ፣ ደንበኛው ባለበት አገር ያለ ልብስ ሰፊ የሚያስተካክልበትን ወጪ በከፊል መሸፈንም ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ሽሮ ሜዳ ያለው ባለሱቅ ሦስት ቀሚስ ሲታዘዝ የሚያሳየው ጥራት ሠላሳ ሲታዘዝ ላይደገም ይችላል። ከመታሸጉ በፊት እያንዳንዱን ቀሚስ ዘርግቶ የሚያይ፣ ፎቶ አንስቶ የሚልክና በየቀሚሱ የሚከፈለው የታመነ ሰው አዲስ አበባ ላይ ማኖር በዚህ ሥራ ቀዳሚው ወጪ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ ተጠቃሚነት በመውጣቷ ቀረጡ በሙሉ እንደሚታሰብም አይዘንጉ።

የክፍያ አካውንቴ ለምን ይታገዳል?

ደንበኛ ለባንኩ ደውሎ «ያዘዝኩት አልደረሰኝም» ሲል ገንዘቡ ከእርስዎ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ስትራይፕ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ክርክር 15 ዶላር ያስከፍላል። በፔይፓል ገዢው እስከ 180 ቀን ድረስ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ክርክሩ ሲበዛ፣ ወይም የአዲስ ሱቅ ሽያጭ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ሲጨምር፣ ድርጅቱ ገንዘቡን ለወራት ሊይዝ ይችላል።

መከላከያው ቅድሚያ ማነጋገር ነው። ትዕዛዙ ሲገባ፣ ዕቃው ሲላክና ሲዘገይ ደንበኛው ሳይጠይቅ ይጻፉለት፤ በባንክ ደረሰኙ ላይ የሚታየው ስም ከሱቁ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ ገንዘብ መመለስ ካለበት ሳይከራከሩ ቶሎ ይመልሱ። የአርባ ዶላር ተመላሽ ከአንድ ክርክር ይረክሳል።

በወር አሥር ሺህ ዶላር ያስገኛል የሚል ትምህርት ቢሸጥልኝ ልግዛ?

አይግዙ። የሚያሳዩት ቁጥር ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ከላይ ባለው ሒሳብ 10,000 ዶላር ማለት 250 ትዕዛዝና 535 ዶላር ትርፍ ነው፣ ከዚያም የሱቁ ወርኃዊ ክፍያ ይቀነሳል። ለትምህርቱ የሚከፍሉትን ገንዘብ ለናሙና ያውሉት።

ዕቃ ገዝቼ ማከማቸት ያለብኝ መቼ ነው?

አንድ ዕቃ ለሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ሲሸጥ፣ ደንበኞች የሚመልሱበት ምክንያትም ተለይቶ ሲታወቅ። ያን ጊዜ መቶ ወይም ሁለት መቶ ፍሬ ከአምራቹ በቀጥታ ገዝቶ፣ በመርከብ አስመጥቶ፣ ለሌሎች ሱቆች ዕቃ በሚያከማችና በሚልክ የአሜሪካ መጋዘን ማስቀመጥ የአንዱን ዋጋም የመድረሻ ጊዜውንም ይቀንሳል፣ የራስን ስም በማሸጊያው ላይ ለማተምም ያስችላል። ከመግዛትዎ በፊት ዕቃውን ሳይጫን ፋብሪካው ድረስ ሄዶ የሚመረምር ድርጅት ይቅጠሩ፤ በቻይና ከተሞች ጓንጁና ዪዉ በሚኖሩ የአገራችን ሰዎች በኩልም ይህን ማድረግ ይቻላል። የሚሸጠውን ቀለምና መጠን ብቻ ይግዙ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱትን በድሮፕሺፒንጉ ላይ ይተዉአቸው።